ከመስመር የወጣችው ድንጋይ

ኅዳር 20

ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ከብቶቹም ደህና ናቸው። ከዚህ ቤት የጠፋ ቢኖር አንተ ብቻ ነህ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ቢሮህ መስኮት አውርተህ ስታበቃ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ዋዛ «አሁንም ወደ ላይ ትወጣላችሁ ወይ?» ማለትህ አሳቀኝ። ወዴት እንድንወጣ ፈልገህ ነው? ወደ ጎን? ከተማ ሰውን ያፈዛል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ በስምንት ዓመት ውስጥ ነው ግን አላልኩም። እሺ፣ ለእንግዳ ሰው እንደማስረዳ ላስረዳህ።

ተራራው ትተኸው በሄድክበት ቦታ አለ። በዝናቡ ወራት ከብቶቹ እታች ሸለቆው ውስጥ ይቆያሉ፤ ወንዙ ዳር ያለውን ሜዳ አጥረን ለድርቆሽ እናጭደዋለን። ዝናቡ ሲያቆም ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ደረት፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከሁሉ በላይ ማጅራት። የአባባ አያት ተራራውን ጎንበስ ያለ ሰው አስመስለው ነው አሉ ስሙን ያወጡለት። ከሦስቱ አንዱ በየዓመቱ በተራው ያርፋል፤ በዚያ ዓመት አንድ ኮቴ አይረግጠውም፣ ሣሩ ዘሩን ጥሎ ይበቅላል። ማጅራት ደግሞ ጉሙ ስለማይለየው ሌላው ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሲሆን እሱ ለምለም ነው። የካቲትንና መጋቢትን የምንሻገረው በእሱ ነው፤ እሱ በሚያርፍበት ዓመት ደግሞ በቆጠብነው ድርቆሽ። እሱ ባይኖር ግማሹን መንጋ ሸጦ በቀረው መቆዘም ነው። ገባህ? በፈተና አይመጣም።

አሁን ደረት ላይ ነን። እረኛችን ዝምተኛው እንደ ስሙ ነው፤ ባለፈው ሳምንት «ዘነበ» አለኝ፣ እሱንም ሳይዘንብ ነው። ወይዘሮን ታስታውሳታለህ? ያቺ ከፊቷ ማንንም የማታስቀድመው ላም። ዛሬም መሪ ናት። አርጅታለች፣ ኩራቷ ግን አላረጀም።

አባባ ከደብዳቤዬ ግርጌ የሚጽፉልህን መስመር ለምን ተዉ ላልከው፣ አጥር ሲጠግኑ ሽቦ ወግቷቸው እጃቸውን ትንሽ አሟቸው ነው። ይሽራቸዋል።

እህትህ


ታኅሣሥ 4

እትዬ፣

ሳቂብኝ፣ ይገባኛል። መልስ ለመጻፍ አሥራ አራት ቀን ስለፈጀሁም ይቅር በይኝ።

ቀደም ባለው ደብዳቤሽ «አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለህ ምንድን ነው የምትሠራው?» ላልሽው፤ ቁጭ ብዬ ሳይሆን ጎንብሼ ነው የምሠራው። ከሥሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ አለኝ። ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶዎችን እሱ ላይ ዘርግቼ በማጉያ መነጽር አያለሁ። አቧራና ጭረት ካለባቸው በቀጭን ብሩሽ አጠፋለሁ። ከዚያ በፎቶው ላይ ስስ ወረቀት አንጥፌ መሬቱ ምን ላይ እንደዋለ በቀለም እለያለሁ። ሰባት ቀለም አለን፦ እርሻ፣ ግጦሽ፣ ደን፣ መንደር፣ ውኃ፣ ዐለት፣ ባዶ መሬት። ከሰባቱ ውጪ ምንም ነገር የለም፤ አለቃችን እንዲህ ነው የሚያምነው። እኛ «ማስመሪያው» እንለዋለን፤ ሲራመድ እንኳ ልክ እየወሰደ ነው የሚመስለው። ዘጠኝ ሆነን በአንድ ክፍል ነን፣ አንድ መስኮት አለን፤ ለዚህ ነው ስለ መስኮቱ ያበዛሁት።

የእኛ አካባቢ ካርታ በክረምቱ አልቆ ወጥቷል።

እትዬ፣ አምናስ? አምና ጥር ላይ ማጅራት ወጥታችሁ ነበር? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው የጠየቅኩሽ። ሌላ ነገር የለውም፣ ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

የአባባ እጅ ገና አልሻረም? ከዚያ በፊት ቀለም አለቀ ብለሽኝ ነበር። ከዚያም በፊት እንግዳ መጣባቸው አልሽ። ምነው፣ ቀለሙም እንግዳውም ሽቦውም በእኔ ላይ ዐደሙ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 19

ለወንድሜ፣

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው ነገሩ። ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ታገሠኝ።

ከከብት ገበያው ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። እኔ ለጊደር ዋጋ ልጠይቅ ሄጄ ነው ያየሁት። አካባቢያችን ሁሉ በቀለም ተሥሏል፤ ያምራል፣ አይካድም። ወንዙን አገኘሁት፣ ሜዳውን አገኘሁት፣ ደረትና ትከሻ አረንጓዴ ናቸው። ማጅራት ግን ቢጫ ነው። ቢጫ ምንድን ነው ብዬ ጠርዙ ላይ ያለውን ሣጥን ሳነብ «ባዶ መሬት» ይላል። ከሥሩ የተጻፈውን ልገልብጥልህ፦ «ባዶ መሬት ተብሎ የተለየ ቦታ ከታኅሣሥ 15 ጀምሮ በስልሳ ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካልቀረበበት ለዛፍ ተከላ ለሚጠይቅ ይሰጣል።»

ወይ ጉድ! ማጅራት ባዶ ነው? ታዲያ እኛ ምን ስንበላ ኖርን?

ካርታው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቃውሞ የሚቀበለውን ጸሐፊ «ከብቶቼ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይወጡበታል፣ መጥታችሁ እዩ» አልኩት። «ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ የተሰማራ ከብት ማስረጃ አይሆንም፤ ከድሮ ጀምሮ ስትጠቀሙበት እንደነበር አሳዩ» አለኝ። እንዴት አድርጌ ነው የማሳየው? ሣር ስም አይጽፍ። ያረፈ መሬት ባዶ ይመስላል፣ ለዚያ ነው ያረፈው የሚባለው!

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ይህ ካርታ ከእናንተ ቢሮ እንደወጣ ማኅተሙ ይናገራል። ማጅራትን ቢጫ የቀባው ማን እንደሆነ ፈልግና ንገረኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው? ዓይን የለውም? (ይህን ጽፌ ሰረዝኩት፣ ከዚያ መልሼ ጻፍኩት። ይቆይ።)

አምና ጥር ላልከው፣ አምና ሥራ በዛብን። ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 28

እትዬ፣

እየፈለግኩ ነው። ተቃውሞውን በጽሑፍ አሁኑኑ አስገቢ፣ ቀኑ እንዳያልፍሽ። ሥራ ስለበዛብኝ ማሳጠሬን ይቅር በይኝ። ለአባባ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 9

ለወንድሜ፣

አራት መስመር! ኧረ ለከብት ሐኪሙ እንኳ ስለ ጥጃ ተቅማጥ ስጽፍ ከዚህ ይረዝማል።

ተቃውሞውን አስገብተሻል ወይ ብለህ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ፣ አስገብቻለሁ። ምስክር አምጪ አሉኝ፤ ከላይም ከታችም ያሉ ጎረቤቶቻችንን ይዤ ሄድኩ። ጸሐፊው ሳቀና «የእነሱም መሬት ካርታው ላይ ነው፣ ለራሳቸው ይሰጋሉ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አለ። ሰባት ሰው በሰልፍ ገብተን በሰልፍ ወጣን። አሁን የቀረን ሰላሳ ስድስት ቀን ነው፣ በእጄ ላይ ያለው ማስረጃ ደግሞ አፌ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ነገር ያበላሻል እንጂ አያቃናም።

ሰውየውን አገኘኸው? ዘጠኝ ሰው ነን ብለኸኛል። ከዘጠኝ ሰው መካከል አንድ ሰው ለመፈለግ ስንት ቀን ይፈጃል? እኔ ከመቶ አርባ ከብት መካከል ያነከሰችውን በአንድ ዓይን እለያለሁ።

ማታ እሳት ዳር ይህን እያልኩ ስነጫነጭ አባባ ሰሙኝና «ልጄ ስሙን ካልነገረን ሰውየው የሚወደው ሰው ነው ማለት ነው፤ ጓደኛውን አታስከጂው» አሉ። እኔ ግን አባባን አይደለሁም። ስሙን ንገረኝ። ለሰውየው የምጽፈው ደብዳቤ በልቤ ተዘጋጅቷል፣ የቀረኝ «ለአቶ» ከሚለው ቀጥሎ የሚገባው ነው።

እህትህ


ጥር 18

እትዬ፣

ይህን ለአባባ ከማሳየትሽ በፊት ብቻሽን አንብቢው።

እኔ ነኝ።

ማጅራትን ቢጫ የቀባሁት እኔ ነኝ። ሳላስብ አጥፍቼው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ያጠፋሁት ግን አስቤ ነው። ፎቶው የተነሣው አምና ጥር 14 ነው። እኔም ተራውን በጣቴ ቆጠርኩ። ማጅራት ያረፈው ካቻምና ነው፤ ስለዚህ አምና ከብት ሊኖርበት ይገባል። ፎቶው ላይ ግን አንድ ላም የለም። የእረኛው ጎጆ ደጅ ላይ የተረገጠ ነገር የለም። መንገዱን ሣር ውጦታል። የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ አለቃውን ይጠይቅ ነበር፣ ወይ ለእናንተ ይጽፍ ነበር። እኔ ግን የቤቱ ልጅ ነኝ፣ አውቃለሁ። ተራው ሳይሆን ባዶ ከሆነ ተትቷል ማለት ነው አልኩ።

ከዚያ ምን እንደተሰማኝ እውነቱን ልንገርሽ። ተቀየምኩ። ሳይነግሩኝ ማጅራትን ተዉት፣ እኔን እንደ ባዕድ ቆጠሩኝ አልኩ። አባባም መስመራቸውን ካቆሙ ከርመው ነበርና ቂሜን ለማባባስ እሱም ረዳኝ። ቢጫውን ብሩሽ ያነሣሁት ከእነዚህ ሁሉ ጋር ነው። አንድ ደብዳቤ ብጽፍ ይበቃ ነበር፤ አልጻፍኩም፣ እናንተ ቀድማችሁ እንድትነግሩኝ ጠበቅኩ። ካርታው ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከዚያም «አሁንም ወደ ላይ ትወጣላችሁ ወይ» ብዬ የጻፍኩልሽ።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ የማልኩትም ውሸት ነበር።

አሁን ስደቢኝ። ስድቡን ስትጨርሺ ግን አንድ ነገር መልሺልኝ፤ አምና ማጅራት ለምን ባዶ ሆነ?

ወንድምሽ


ጥር 25

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወጣሁና እንጨት ፈለጥኩ። ለአንድ ወር የሚበቃ እንጨት አለን።

በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። የእኛ በሬ ደግሞ ገደሉን አይቶ ሣሩን ሳያይ ቀረ። የተማረ በሬ ይሉሃል ይኼ ነው።

ልሰድብህ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ብዕሩ እንቢ አለኝ። ምክንያቱም ጥያቄህን ሳልመልስ ልሰድብህ አልችልም፤ ጥያቄህን ከመለስኩ ደግሞ ስድቡ ለሁለት ይከፈላል።

አባባ አያዩም።

አምና ታኅሣሥ ነው። እንደ ልማዳቸው ከእኛ ቀድመው ጎጆውን ሊያሰናዱና የጨው ድንጋዮቹን ኖራ ሊቀቡ ማጅራት ወጡ። በጉም ጊዜ ከሩቅ እንዲታዩ ድንጋዮቹን በየዓመቱ እንደሚቀቧቸው ታስታውሳለህ፤ ላሞቹ እየዞሩ ጨው የሚልሱባቸው እነዚያ ትልልቅ ቋጥኞች። ሦስት ቀን ቆዩ። በአራተኛው ቀን ቆይተውብኝ ስሄድ ጎጆው ደጅ ላይ ተቀምጠዋል፣ ባዶው የኖራ ባልዲ በጉልበታቸው መካከል። ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቷል፣ ቀትር ነው። «ልጄ፣ ዛሬ ጉሙ ከበደ» አሉኝ።

ያን ዓመት ሐኪም ቤት ስንመላለስ ከብቶቹን ሸለቆው ውስጥ በድርቆሽ አቆየናቸው። ማጅራት ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። ሐኪሙ አንዱ ዓይን ጠፍቷል፣ ሌላው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል አለ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤህን ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ሽቦም የለም፣ እንግዳም የለም፣ ቀለምም አላለቀም። ይህን ለአንተ እንዳልጽፍ አስማሉኝ፤ የሹመት ፈተናህ በዚያው ወር ነበርና «ልጁ እንዳይደናገጥ» አሉ። ፈተናውን ካለፍክ በኋላ ደግሞ እኔ አፈርኩ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ዓመት ሞላኝ። ያን የዓይን መሐላህን ሳነብላቸው ዘልዬዋለሁ።

እኔ ባልደብቅህ አንተ አትቀየምም፤ አንተ ባትቀየም ቢጫውን አትቀባም። ይህን ስንት ቀን እንዳገላበጥኩት። ከሁለታችን ማን ይብሳል? ለጊዜው አንተ ትብሳለህ፤ እኔ የደበቅኩት ወረቀት ላይ ነው፣ አንተ ያጠፋኸው መሬት ላይ ነው። ሃያ ቀን ቀርቶናል። አንድ ነገር አድርግ።

እህትህ


የካቲት 3

እትዬ፣

«ባዶው የኖራ ባልዲ» ካልሽው አልፌ ማንበብ አቃተኝ። ምድር ቤት ወርጄ የማጅራትን ፊልም አወጣሁ፤ እኔ ያልነካሁትን፣ አውሮፕላኑ እንዳነሣው ያለውን። ባለ መብራቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

እትዬ፣ ድንጋዮቹ አሉ።

ማጅራት በሁለት ፎቶ ተከፍሎ ነው የተነሣው። በመጀመሪያው ጠርዝ አራት ነጭ ነጥቦች፣ በሁለተኛው ስምንት። አሥራ ሁለቱም ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ፎቶው ሲነሣ አባባ ኖራ ከቀቧቸው አንድ ወር እንኳ አልሞላም ነበር። እኔ ያን ጊዜ መጀመሪያ ያየሁት አራቱን ነው። ሦስቱ በመስመር ናቸው፣ አንዷ ከመስመር ወጣ ብላ ለብቻዋ አለች። ማስመሪያው ገና ስንቀጠር ያስተማረን ነገር አለ፦ «ሰው የሠራው መስመር ይይዛል፣ አቧራ ግን እንደ ፈለገ ይወድቃል።» ያቺን ወጣ ያለች ነጥብ አይቼ አቧራ ነው አልኩ። አንዷ አቧራ ከሆነች ሌሎቹም አቧራ ናቸው አልኩና ብሩሼን ግራጫ ቀለም ነክሬ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ሁለተኛውን ፎቶ ስደርስ አላሰብኩም እንኳ። እጄ ለምዶ ነበር።

ያን ዕለት ፊልሙ ላይ የእንጨት ማስመሪያ ሳስቀምጥ አሥራ አንዱ በአንድ መስመር ገቡ፤ ያቺ አንዷ እንቢ አለች። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እኔው ነኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አባባ ሲቀቡ ሳላስፈቅድ ባልዲውን ይዤ ሄጄ የማይሆነውን ቋጥኝ ቀባሁት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አይተው ሳቁና «የተቀባ ተቀባ» ብለው ጨው ጣሉበት። እኔ የቀባኋትን ድንጋይ አይቼ እኔው አቧራ አልኳት። በእሷ ሰበብ ደግሞ አባባ በዓይናቸው የመጨረሻ የሠሩትን ሥራ ጠረግኩት።

አልቅሻለሁ። ማልቀሴ ለላሞቹ ሣር አይሆንም፣ ስለዚህ ቃሌን ጽፌ ፈርሜ ለማስመሪያው ሰጠሁት። ስሜን፣ ስሕተቴን፣ ቂሜን ሳይቀር ጻፍኩ። በማግስቱ «የባለጉዳይዋ ወንድም ነህ፣ ፎቶህም አምና የተቀባ ኖራ እንጂ የድሮ ጥቅም አያሳይም፤ ድንጋዮቹ ራሳቸው ይናገሩ» አለ። ሁለት ሰው ይልካል። የካቲት 12 ማጅራት ላይ ይሆናሉ።

እንዳትረሺ፦ ድንጋዮቹን ኖራ እንዳትቀቧቸው! አዲስ ኖራ ካዩ ትናንት የተሠራ ይመስላቸዋል። እንዳሉ ይዩዋቸው። ስንት ዘመን እንደተላሱ የሚያሳየው ጉድጓዳቸው ነው።

ለአባባ ሁሉንም ንገሪያቸው። ወይም ተይው፣ እኔ ልንገራቸው። አላውቅም፣ አንቺ የመሰለሽን አድርጊ።

ወንድምሽ


የካቲት 17

ለወንድሜ፣

«ምን ሆናችሁ?» የሚል ቴሌግራም ሁለት ጊዜ ላክህ። ቆይ፣ ቀስ በል፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

እኔ አልነበርኩም። ጥቁሯ ላም በዚያው ንጋት ምጥ ያዛትና ጥጃው በእግሩ መጣ፤ ትቻት ብወጣ ሁለቱም ይሞቱ ነበር። ስለዚህ የማወራልህን ሁሉ ያገኘሁት ከዝምተኛው ነው። አዎ፣ ከዝምተኛው። የአንድ ዓመት ንግግሩን በአንድ ምሽት ጨርሶታል፣ እስከ ክረምት አንድ ቃል የሚተነፍስ አይመስለኝም።

ሰዎቹ ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ለኪ፣ አንዱ ጸሐፊ። ማጅራት ሲደርሱ ጉሙ ወረደ። የራሳቸውን ጫማ ማየት አቃታቸው አለ። ኖራው ለቆ ድንጋዩ ከጉሙ ጋር አንድ ሆኗል። ዝምተኛው አንዱን ድንጋይ እንኳ አላገኘም፤ እሱ የሚያውቃቸው በነጭነታቸው ነው። ለኪው ሰዓቱን አየና «ጉሙ ካልተነሣ አልተገኘም ብለን እንጽፋለን፣ ሌላ ቀን የለንም» አለ።

አባባ ጎጆው ውስጥ ነበሩ። አልሄድም ሲሉ ከርመው በዋዜማው «እኔም እወጣለሁ» ብለው በበቅሎ ወጥተው ነበር። ይህን ሲሰሙ ከጎጆው ወጡና «ወይዘሮ የት አለች?» አሉ። አመጡላቸው። ጅራቷን ጨበጡ። «ጨው ያልቀመሰች ናት፣ ሦስት ቀን አስከልክያታለሁ፤ ተከተሉን» አሉ።

እንዲህ ሆነ፣ ወንድሜ። ላሟ ከፊት፣ ማየት የማይችሉት አባታችን ጅራቷን ይዘው ከኋላዋ፣ ዓይናቸው ደህና የሆነ ሦስት ሰዎች ደግሞ የአባባን ካፖርት ጫፍ ተራ በተራ ይዘው። ማንንም ከፊቷ አታስቀድምም ብዬህ አልነበር? ወይዘሮ እንደ ቤቷ ገበታ እየዞረች ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ወሰደቻቸው። በደረሱ ቁጥር አባባ እጃቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ይከቱና ለኪውን «ና፣ እጅህን አምጣ» ይሉታል። አንዳንዱ እስከ ክርን ያስገባል። እንደ ሳህን የለሰለሰ ነው። ለኪው መጀመሪያ ይለካ ነበር፤ ከአራተኛው በኋላ መለኪያውን ኪሱ ከትቶ በእጁ ብቻ ይዳስስ ጀመር።

«ይህን ለመቦርቦር ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብሎ ጠየቃቸው። «እኔ ልጅ ሆኜ እጄ እስከዚህ ይገባ ነበር» ብለው አንጓቸውን አሳዩት።

አሁን የማልነግርህ ነገር የለም ብያለሁ፣ ስለዚህ ይህንንም ስማ። ወይዘሮ ከጎጆው ስትነሣ መጀመሪያ የሄደችው ወደ አንተ ድንጋይ ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው አሉ አባባ፣ ለጎጆው ከሁሉ የምትቀርበው እሷ ናት። ለኪው ቦታዋን መዝግቦ «ይህቺ ከመስመር ወጥታለች» ሲል አባባ «የልጄ ናት» ብለው መለሱለት።

ሁሉን ነግሬያቸው ነበር፤ ቢጫውን፣ አቧራውን፣ ብሩሹን። ደብዳቤህን ሳልዘል አነበብኩላቸው። ምን አሉ ትላለህ? «አምና ደህና አድርጌ ቀብቼ ነበር ማለት ነው» አሉ።

ጥጃው ድኗል፣ እናቲቱም። ውሳኔውን ቶሎ ንገረኝ።

እህትህ


መጋቢት 6

እትዬ፣

ቢጫው ተነሣ። እንኳን ደስ ያለሽ! ማጅራት የእናንተ ነው። ደብዳቤው ከማኅተም ጋር ይደርስሻል፣ እኔ ግን ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ለኪው ይዞት የመጣው ሪፖርት ግማሽ ገጽ ነበር። ማስመሪያው አንብቦ ሲጨርስ ከመቀመጫው ተነሣና ወደ መስኮቱ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ራሱ ቀለም በጠበጠ። አረንጓዴ ላይ ሰያፍ ነጭ መስመር ጣለበትና በመግለጫው ሣጥን ውስጥ ስምንተኛ አድርጎ አስገባው፦ «ያረፈ ግጦሽ»። ሃያ ሁለት ዓመት ሰባት ቀለም ብቻ ነው ያለው ሰው! ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ እላቸዋለሁ።

«አንተንስ ምን አደረጉህ?» ማለትሽ አይቀርም፤ ከቀለም ጠረጴዛው አንስተውኛል። ተገቢ ነው፣ አልተከራከርኩም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። በእኔ እጅ ቢጫ የተቀቡ ሌሎች አርባ ሦስት ቦታዎች አሉ። አርባ ሦስቱም ተራራ ናቸው። እዚያም አንድ ሰው ድንጋይ ቀብቶ ከሆነ፣ እዚያም አንድ አባት ዓይናቸው ጠፍቶ ያ ዓመት ብቻ ባዶ ሆኖ ከሆነ፣ እኔ ከጠረጴዛ ላይ እንዴት አውቃለሁ? ስንት ነጥብ አጥፍቻለሁ? በእግሬ ልያቸው አልኳቸው። ማስመሪያው «ጫማ ግዛ» አሉኝ። እሺ ማለታቸው ነው። በዚያው መንገድ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ እናንተ ጋ እደርሳለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ለአባባ ነው። ሳትዘይ አንብቢላቸው።

አባባ፣ እንደምን አሉ? በዓይንዎ እያዩ መጨረሻ የሠሩትን ሥራ እኔ አጠፋሁት። ይቅር ይበሉኝ። ያኔ ባለመኖሬም፣ ሳልጠይቅ በመቀየሜም ይቅር ይበሉኝ። ስመጣ ያቺን ከመስመር የወጣችውን ድንጋይ ልተዋት፣ በመስመሩ ላይ ያለውን ቋጥኝ መርጬ ልቀባላችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ቀጥ እንዲል። ይሁን ይበሉኝ።

ልጅዎ


መጋቢት 15

ለወንድሜ፣

ማኅተሙ ደርሶኛል። ከብት ገበያው ግድግዳ ላይ ሄጄ አዲሱን ካርታ አየሁት። ጸሐፊው ወንበር ሰጠኝ፤ አልተቀመጥኩም፣ ቆሜ ነው የማየው አልኩት።

ጫማውን ሰፋ አድርገህ ግዛ፣ የእግርህን ስፋት አውቀዋለሁ። ምን ላምጣ ብለህ እንዳትጽፍ። አልጋህን ድርቆሽ ቤቱ ውስጥ አንጥፌያለሁ፣ ክፍልህን የታመመ ጥጃ ይዞታል።

የጻፍከውን ለአባባ አንብቤላቸዋለሁ። ብዕር ስጪኝ አሉ። አይችሉም ብዬ ነበር እኔ። ከመጻፊያው ሥር ቀጭን እንጨት አስደግፌላቸው በእሱ እየሄዱ ጻፉ። መሃል ላይ እንጨቱን ስተው ወጥተዋል፣ ቢሆንም ይነበባል።

እህትህ

ልጄ ድንጋይዋ ባለችበት ትቆይ ላሞቹ ለምደዋታል። ኖራ ግን ይዘህ ና።